ካርታው እኔ ዘንድ ነው

ሔቨን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የአርባ ዓመት ሴት ምላስ ነው። «ጄኔቭ ውስጥ አማርኛና ፈረንሳይኛን እንደ እኔ የሚያገናኝ ሰው ካለ አምጡልኝ» ትላለች፤ ማንም እንወዳደር ብሏት ባያውቅም። ስለዚህ ጋሽ ሀብተወልድ ሞተው በተገኙበት ጠዋት ሁለት ፖሊሶች ሰርቬት ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ቆመው «ፈረንሳይኛ የሚችል አለ?» ሲሉ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ እጇን አወጣች።

ሽማግሌው በጀርባቸው ወድቀዋል። ጭንቅላታቸው የማሞቂያውን ብረት መትቷል። ዙሪያቸውን የተሰባበረ መስታወት ተበትኗል። ከሶፋው በላይ ግድግዳው በአራት ማዕዘን ነጣ ብሎ ይታያል፤ ለዓመታት እዚያ ተሰቅሎ የኖረው ትልቁ የቴክሳስ ካርታ ከነፍሬሙ የለም። ቦርሳቸው፣ የእጅ ሰዓታቸውና ስልካቸው ግን አልተነኩም።

አስከሬኑን ያገኘችው የሔቨን እናት አገሪቱ ናት። አንድ ዲፕሎማት ቤት በሠራተኝነት ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት ብቸኛውን ሽማግሌ ቁርስ አብልታ ነው ወደ ሥራዋ የምትመለሰው። አሠሪዎቿ የሚያናግሯት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈረንሳይኛዋ ከሰላምታ አያልፍም።

አንደኛው ፖሊስ የነጣውን ግድግዳ እያሳየ አንድ ነገር ጠየቀ።

«እማ፣ ካርታው የት እንደገባ ታውቂያለሽ ወይ ነው የሚለው» አለች ሔቨን።

አገሪቱ እንባዋን በሻርፗ ጠረገችና ምንም ሳትደብቅ መለሰች። «ካርታውማ እኔ ዘንድ ነው። ራሳቸው ናቸው ያዢልኝ ብለው የሰጡኝ።»

ሔቨን አንድ ቃል ሳታጎድል ወደ ፈረንሳይኛ መለሰችው። ፖሊሶቹ ተያዩ። ቀትር ላይ የእናትና ልጅ ክፍል ተፈተሸ፤ ካርታ አልተገኘም። ማታ አገሪቱ እስር ቤት ገባች።

የዲፕሎማቱ ሚስት በማግስቱ ሔቨንን ወጥ ቤት ጠርታ፣ በጣም በደግ ድምፅ፣ እናቷ እስከ ሰኞ ካልተፈታች ሌላ ሠራተኛ እንደሚቀጥሩ ነገረቻት። ሔቨን የዚህን ትርጉም ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃድ ካርቱ ይሄዳል። ካርቱ ከሄደ እናትና ልጅ ስዊዘርላንድን ለቀው ይሄዳሉ። እናትየዋ ደግሞ በነፍስ ማጥፋት ከተፈረደባት መሄድ እንኳን የለም። ያን ሌሊት ሔቨን የእናቷን የሥራ ጋውን አቅፋ ተኛች፤ ተኛች ከተባለ።

የወይዘሮ አገሪቱ ጠበቃ የምርመራ ሥራውን የሰጠው ለማክዳ ነበር። ማክዳ አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ ወንጀል ምርመራን ሎዛን የተማረች፣ ብዙ የማትናገርና ብዙ የምታይ ሴት ናት። አገሪቱን እስር ቤት አናግራ ስትመለስ ፕላንፓሌ ሰፈር፣ የትራሙ ፌርማታ አጠገብ ባለች ካፌ ከሔቨን ጋር ተገናኙ።

«እትዬ ማክዳ፣ አይድከሙ» አለች ሔቨን ገና ሳትቀመጥ። «ገዳዩ ሽፈራው ነው፤ የወንድማቸው ልጅ።»

«አንቱ አትበይኝ፤ ገና ነኝ። ቁርስ በልተሻል?»

«አልራበኝም።»

«ክሩዋሳን ለዚች» አለች ማክዳ ለአስተናጋጁ። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እናትሽ ካርታውን ለፖሊሶቹ እንዳሳየቻቸው ትምላለች። ሰጠኋቸው፣ ገልጠው አይተው መለሱልኝ ነው የምትለው።»

የሔቨን ዓይን እንባ ሞላ። «ምስኪን። ጭንቀት ነው። ያን የሚያህል ፍሬም የት ይደበቃል?»

ማክዳ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «ባለፈው ቅዳሜ ስለተደረገው ስብሰባ ንገሪኝ። ማን ማን ነበር?» አለች።

አምስት ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ሀብተወልድ፤ ከዙሪክ የመጣው የነዳጅ ኩባንያው ወኪል ብሩነር፤ እዚያው ዙሪክ ሱቅ ያለው ሽፈራው፤ ሚስቱ ሜሮን፤ ለማስተርጎም ደግሞ ሔቨን። የጋሽ ሀብተወልድ ሌላ ወንድም፣ ልጅ ሳይኖረው ቴክሳስ ሞቶ ማንም የማይፈልገው ደረቅ መሬት አውርሷቸዋል። አሁን ከሥሩ ነዳጅ አለ ተባለ። ኩባንያው መሬቱን መግዛት ሳይሆን ሥሩን መከራየት ነው የሚፈልገው፤ ለፊርማው አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ነዳጁ ሲወጣ ድርሻ ይሰጣል።

«ጋሽ ሀብተወልድ እኮ ፈረንሳይኛ ከአንቺ ይበልጣሉ። አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል?»

ሔቨን ይቺን ብልጫ አልወደደቻትም። «አፌን ባልፈታሁበት ቋንቋ አልዋዋልም አሉ። አንቺ እስክትተረጉሚ እኔ አስባለሁ አሉኝ። አገራችን ላይ ከመሬት ሥር ያለው የመንግሥት ነው፤ እዚያ ግን የባለመሬቱ ነው፤ ስለዚህ ሥሩን አከራየሁ ብዬ ላዩን አላጣም አሉ። ድርሻዬን ከሚወጣው ላይ እንጂ ወጪ ተቀንሶ ከሚተርፈው ላይ አልቀበልም አሉ። የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ እንዳይቆፈር፣ ሲሄዱም ምድሩን እንደነበረ እንዲመልሱት፤ ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም አሉ። እኔ ዘይት፣ ዘይት እያልኩ ሳወራ ደግሞ፣ ልጄ፣ ነዳጅ በይ፤ ዘይት ወጥ ውስጥ ነው ብለው ሳቁብኝ።»

«ብሩነርስ ምን አለ?»

«ባለቤትነትዎን የሚያሳይ ነገር አለ ወይ አለ። እሳቸው፣ ካርታው አለኝ፤ ካርታው ያለው ሰው መሬቱ አለው፤ ውሉ ሳይስተካከል ካርታውን ለማንም አልሰጥም አሉ። ላ ካርት ብዬ ተረጎምኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ሁሉም ዞረው ግድግዳውን አዩ። ጋሽ ሀብተወልድ ሻያቸው እስኪደፋ ሳቁ። የብሩነር ፊት አስቋቸው መሰለኝ።»

ማክዳ ሒሳቡን ከፈለች። «ክሩዋሳንሽን ይዘሽ ነይ። ዙሪክ እንሄዳለን።»

የብሩነር ቢሮ ግድግዳው ሁሉ ካርታ ነው፤ ጠረጴዛው ላይም ካርታ ተዘርግቷል። የሽማግሌው ሞት ሥራውን እንዳበላሸበት አልደበቀም።

«ወራሽ እስኪታወቅ ስንት ወር ነው የምጠብቀው?» አለ በፈረንሳይኛ። «የእርሳቸው ፊርማ ነበር የሚጠቅመኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገረኛ ቢሆኑም ውላቸውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ።»

«የጠፋው ካርታስ?»

«እኔ ስለ ባለቤትነት ስጠይቅ ይቺ ልጅ ስለ ካርታ መለሰችልኝ። ሽማግሌው ጥያቄዬን የሚሸሹ መሰለኝ። ካርታ ብፈልግ የዚያን መሬት እያንዳንዱን ድንጋይ እዚሁ አትምልሻለሁ።»

እዚያው ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ያለው የሽፈራው ሱቅ በርበሬ፣ የስልክ ካርድና የፀጉር ቅባት ይሸጣል፤ ይሸጥ ነበር ማለት ይቀላል። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው፤ መስታወቱ ላይ ባለቤቱ ሊለቅ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ሽፈራው ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል።

«ይቺ ልጅ እኔን ገዳይ እያለች ነው አሉ» አለ።

«ልጅ ናት፤ ያሰበችውን ሁሉ ትናገራለች» አለች ማክዳ። «አቶ ሽፈራው፣ አጎትዎ ልጅ አልነበራቸውም። ወራሹ እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ። ለዚህም ነው ሁሉም እኔን የሚያየው። እኔ አዲስ አበባ ደላላ ሳለሁ ስንት ካርታ በዚህ እጄ አልፏል። ለሰው መልሼአለሁ እንጂ የማንንም ካርታ አልሰረቅሁም።»

ሔቨን ማክዳን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ሰማሽ?» አለች በፈረንሳይኛ። «ካርታ ነጋዴ ነበር። ዋጋውን ያውቃል።»

ማክዳ ሳቋን ለመደበቅ በርበሬውን ማሽተት ነበረባት።

ሜሮን ከሒሳብ ማሽኑ ኋላ ቆማለች። ዙሪክ የተወለደች፣ አማርኛዋ ጀርመንኛ የሚገባበት ቀጭን ሴት ናት። ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላለች።

«ምን ሆኑ?» አለች ማክዳ።

«አልዞ... ቢላ። ሽንኩርት ስከትፍ።»

«ቀኝ እጅዎ ነው። ግራኝ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች ሜሮን፤ ወዲያውም መልሱን መልሳ መዋጥ የፈለገች መሰለች።

ወደ ጄኔቭ በሚመለሰው ባቡር ላይ ሔቨን የሽፈራውን ጥፋት ስትዘረዝር ማክዳ መስኮቱን ስታይ ደረሱ። ሰኞ ሊሆን የቀረው እሑድ ብቻ ነበር።

እሑድ ቀትር ሁሉም ሰርቬት፣ ከነጣው ግድግዳ ፊት ተሰበሰቡ። ዐቃቤ ሕጉ በፈቃዱ፣ ብሩነር በግድ መጡ። ሽፈራውና ሜሮን ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አገሪቱ በሁለት ፖሊሶች መሐል ገባች፤ ከስታለች፤ ልጇን ስታይ ሻርፗን አስተካከለች።

ማክዳ ከጠበቃው ቦርሳ፣ አገሪቱ አስቀምጥልኝ ብላ የሰጠችውን ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ፖሊሶቹ ገልጠው አይተው የመለሱት ይህን ነው። ወይዘሮ አገሪቱ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ካርታው ነዋ» አለች አገሪቱ። «የመሬቱ ካርታ።»

ሔቨን ጠጋ ብላ የፖስታውን ውስጥ አየች።

«የቴክሳሱ መሬት የባለቤትነት ሰነድ ነው» አለች ማክዳ ለዐቃቤ ሕጉ በፈረንሳይኛ። «አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ካርታ ይለዋል። ቤት ያለው ሁሉ ካርታ አለው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ግን የለም። ይህቺ ሴት ሰነዱ እኔ ጋ ነው ብላ እውነቱን ተናገረች፤ እናንተ የሰማችሁት የጠፋው ፍሬም እኔ ጋ ነው የሚል ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ መነጽሩን አወለቀ።

«እንግዲህ እንቀጥል» አለች ማክዳ ወደ አማርኛ ተመልሳ። «ሰው የሞተው ግድግዳ ላይ ላለ ወረቀት ነው። ያን ወረቀት ሀብት አድርጎ የሚያይ ማን ነው? ወይዘሮ አገሪቱ አይደለችም፤ እውነተኛው እጇ ላይ ነበር። አቶ ሽፈራው አይደሉም፤ ደላላ ካርታ ምን እንደሆነ ሲተኛም ያውቃል፤ ደግሞም ወራሽ ናቸው። ሙሴ ብሩነር አይደሉም፤ ካርታ ከፈለጉ ማተሚያ አላቸው። ቃሉ በአማርኛ ሲባልም፣ በፈረንሳይኛ ሲተረጎምም፣ በራሷ ጀርመንኛም አንድ ነገር ብቻ ሆኖ የተሰማት አንዲት ሴት ትቀራለች። ቀኝ እጇ የያዘው ቢላ ቀኝ እጇን አይቆርጥም። የተሰበረ ፍሬም ጨብጦ የጎተተ ሰው ግን መዳፉ እንዲያ ይቆረጣል።»

ሽፈራው ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሜሪ?»

ሜሮን ፋሻዋን እያየች ነበር። «አንተ አትተኛም» አለች። «ማታ ማታ ተነስተህ ሱቁ ውስጥ ጨለማ ላይ ትቀመጣለህ። አንድ ቀን ማታ ወጥተህ የማትመለስ መሰለኝ። ያን ማታ መጥቼ ጋሼን ለመንኳቸው። ካርታውን ስጡኝ፣ ሽፈራው እንዲፈርም አልኩ። ካርታው ያለው መሬቱ አለው ብለው የለ? ግድግዳውን ሳሳያቸው ሳቁ። መናገር እስኪያቅታቸው ሳቁ። በእኛ የሚስቁ መሰለኝ። አውርጄ ስጎትት መስታወቱ ተሰበረ፣ እጄ ደማ። ደሙን ሲያዩ ሳቃቸውን ትተው ሊይዙኝ መጡ። ገፋኋቸው።» ድምፅዋ ወረደ። «ሊረዱኝ ነበር እኮ።»

«እኔ እኮ ወራሽ ነኝ» አለ ሽፈራው። ደግሞም ያንኑ አለ።

ፖሊሶቹ ከአገሪቱ ጎን ተነስተው ወደ ሶፋው ሄዱ።

ደረጃው ላይ ማክዳ ሰላምታ ሰጥታ ቀድማ ወረደች። አገሪቱ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ አንድ በአንድ ትረግጣለች፤ ነገ ሥራ አላት። ሔቨን ከኋላዋ ሦስት ደረጃ ያህል ዝም ብላ መጣች፤ ለእሷ ይህ ብዙ ነው። መጨረሻው ላይ ግን አልቻለችም።

«እማ፣ ዞሮ ዞሮ ግን ነገሩ የተፈታው በእኔ ትርጉም ነው አይደል? እኔ ላ ካርት ባልል ኖሮ...»

አገሪቱ ወደ ኋላ አልዞረችም። «የፈታችኝ ማክዳ ናት» አለች። «አንቺማ ያሰርሽኝ ነሽ።»