ነፋስ የማይወስደው ባርኔጣ

ነፋሱ ባርኔጣዋን ሲወስድባት ሄዘል ፕሮበርት መኪናዋን አላቆመችም። በመስታወት አየችው፤ አጥር ዘሎ በጎች መሀል አረፈ። ወደ እንግሊዟ የላድሎ ከተማ መንዳቷን ቀጠለች። አላዘነችም፤ አልተናደደችም። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ነበረች፤ ምንም ነገር አይሰማትም።

በጥቅምት እጮኛዋ ዴሪክ በሳንባ ሕመም ሞተ። ጣሪያ የሌላትን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አረንጓዴ የስፖርት መኪናውን ለእሷ ተናዞላት ነበር። የበረዶውን ወራት ጋራዥ ውስጥ ከርማ፣ ሚያዝያ ሲገባ ሄዘል አወጣቻት።

ከገበያው ፊት ለፊት ካለችው ባርኔጣ ቤት ገባች። ባለሱቁ ኤልዊን ፕራይስ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር።

«ለመኪና የሚሆን ባርኔጣ ፈልጌ ነበር።»

«ለዝግ ነው ለክፍት?»

«ለክፍት። የነበረኝን በጎች ወስደውታል።»

ሰፊ ክፈፍ ያለውን አወረደና መልሶ ሰቀለው። «ይሄ ለሠርግ ነው። መኪና ላይ ክንፍ ያወጣል።» ቀጥሎ የሐር ሻሽ አሰረላት። አገጯ ሥር ሲቋጥር ጣቶቹ አንገቷን እንዳይነኩ ተጠነቀቀ። «ቀስ ብለው ከነዱ ጥሩ ነው። ሲፈጥኑ ግን ጫፉ በጥፊ ያጮልዎታል።»

በመጨረሻ ጆሮ የሚሸፍን ለስላሳ የቆዳ ቆብ አመጣላት።

«አውሮፕላን አብራሪ መሰልኩ» አለች መስታወቱን እያየች።

«አብራሪዎች ቆባቸው አይጠፋባቸውም።»

ልትከፍል ቦርሳዋን ስትከፍት፣ «መነጽርስ?» አላት።

«የፀሐይ መነጽር አለኝ።»

ተቀብሎ አገላበጠው። «ጎንና ጎኑ ክፍት ነው። በዚህ ነፋስ ይገባል፣ በዚህ አቧራ፣ ጠጠሩ ደግሞ...» ዙሪያው በቆዳ የተለበጠ፣ በላስቲክ ከራስ ኋላ የሚታሰር መነጽር ከመሳቢያ አወጣ። «ቆቡን ቢተዉት ጉንፋን ነው። ይሄን ሳይዙ ግን አይወጡም።»

ቀና ብላ አየችው። ግራ ዓይኑ አይንቀሳቀስም ነበር።

«ከፊቴ የነበረው መኪና ያስፈነጠረው ድንጋይ ነው» አለ። «ዘጠኝ ዓመት ሆነው። መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ፀጉሬን እንዳያበላሽብኝ ብዬ። ከዚያ ወዲህ ክፍት መኪና ውስጥ እግሬን አስገብቼ አላውቅም።»

ሌላ ሰው ቢሆን አዝናለሁ ይለው ነበር። ሄዘል ግን መነጽሩን ተቀብላ ዓይኗ ላይ አሰረችው። ይህ ደስ አለው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ተመልሳ መጣች፤ መነጽሩ አፍንጫዋን ይቆነጥጣታል። አስተካከለላት። በሌላው ቅዳሜ ላስቲኩ ላልቶ መጣች። አጠበቀላት። በሦስተኛው ቅዳሜ መነጽሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ብዙ ጊዜ አየው።

«ምንም አልሆነም።»

«አውቃለሁ» አለች።

በውጭ አንድ ሰው ውሻውን ይጣራል።

«ነገ ወደ ኮረብታዎቹ እወጣለሁ» አለች ሄዘል። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት በርዎ ላይ እቆማለሁ። ካልመጡ አልቀየምም። መቀየም ራሱ ጠፍቶብኛል።»

«አልችልም፣ ሚስ ፕሮበርት።»

«እሺ» ብላ ወጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የዴሪክ እናት ወይዘሮ ክራድክ እቤቷ መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ መኪናዋ ዘንድ ሄደው ቆሙ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ባርኔጣ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ልጄ ከሞተ ገና ሰባት ወር አልሞላውም፣ ሄዘል! በገዛ መኪናው!»

ሄዘል ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ክራድክ ይህን አልጠበቁም ነበር። መንዳት አያውቁም፤ ግን በሩን ከፍተው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፣ ልጃቸው ይይዘው በነበረው ቦታ መሪውን ያዙና አለቀሱ። ሄዘል እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ቆመች። በልቧ ቀናችባቸው፤ ማልቀስ ይችላሉ። ማምሻውን ወንድማቸው መጥቶ መኪናዋን ወሰደላቸው።

እሁድ ጠዋት ሄዘል መኪና እንደሌለ ለኤልዊን ልትነግረው በእግሯ ወደ ከተማ ሄደች። አይመጣም ብላ ነበር፤ ሆኖም እንዲያው በከንቱ ቢጠብቅ ብላ ሄደች።

ሱቁ ተዘግቷል። በሩ ላይ ግን ኤልዊን ቆሟል። የቆዳ ቆቡን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አጥብቆ፣ ፊቱ ገርጥቶ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች እየዞሩ ያዩታል። አንዲት ሴትዮ፣ «ሚስተር ፕራይስ፣ ሊበሩ ነው እንዴ?» አለችው። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ መንገዱን ብቻ ያያል።

ሄዘል ሳቀች። ድምፁ የራሷ አልመስላት አለ። ዓመታት አልፈው ባልና ሚስት ከሆኑም በኋላ፣ ያን ቀን ምን እንዳሳቀሽ ንገሪኝ እያለ ይጨቀጭቃት ነበር።

«መኪናዋ የለችም» አለችው ስትደርስ። «ለእናቱ መለስኳት። ይቅርታ፣ ይህን ሁሉ ለብሰው...»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ክብ ታትሞበታል።

«ሄዘል፣ ለመኪናዋ የመጣሁ መሰለሽ?»

ክንዱን ያዘችው፤ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ። ለመንገድ ብሎ የጠቀለለውን ሳንድዊች አግዳሚ ወንበር ላይ ፈታው። በቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋ ላይ ሰናፍጭ ቀብቶበታል፣ ከልክ በላይ።

ሄዘል ገመጠችው። አፍንጫዋን ሰንጥቆ እስከ አናቷ ወጣ። አፏን በእጇ ያዘች።

«በዛ?» አላት ደንግጦ። «ስጪኝ፣ ልጥረግልሽ።»

«ያቃጥላል» አለች። ከዚያ ሳንድዊቹን ከእሱ ሸሸግ አድርጋ እንደገና ገመጠች።