የማናሴ ሰሌን በጨረታ

ይህን ታሪክ ረጋ ብዬ ማውራት አልችልም፤ አትፍረዱብኝ! ማናሴ ጎረቤቴ ነበር። ሚስቱ ሎሳና ያንን ሰሌን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቅጠል ሰንጥቄላታለሁ። ከጨርቅ የለሰለሰ ሰሌን! «ማናሴ የሚቀበረው በዚህ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ» ትል ነበር። ምን ያደርጋል፣ እሷው ቀድማው አፈር ገባች። ቀጥሎ የስኳር በሽታ እግሩን አስቆረጠው፤ ዓሣ ማጥመዱ ቀረ፣ ጓዳው ተራቆተ። ከአንዲት ልጁ ከፉሲና ከዚያ ሰሌን በቀር ምን ቀረው?

እሱንም አልተዉለት! የፉሲ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለታመሙ ሕፃናት አልጋ ለመግዛት የበጎ አድራጎት ጨረታ አሰናዱ። ሌላው ወላጅ አሳማም ቅርጫትም ሰጠ። የማናሴ ታላቅ እህት ካሎላይኔ ግን የወላጆች ሰብሳቢ ናትና ከሁሉ በልጣ መታየት አለባት፤ ያውም በሰው ንብረት! በእኛ ደሴት በሃአፓይ እህት ከወንድሟ ቤት ያሻትን ብታነሳ «ተይ» አትባልም፤ ነውር ነው። መጣችና ሰሌኑን ከፍራሹ ሥር ጎትታ አወጣች።

«እትዬ፣ እሱን እንኳ...» አለ ማናሴ።

«እሱን እንኳ ምን?»

«ምንም... ውሰጂው። ያንቺው ነው።»

ከወጣች በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ኧረ በፈጠራችሁ! ልማድ የተሠራው ለመከባበር ነው ወይስ በሽተኛ ለመግፈፍ?

በጨረታው ቀን ዕቃውን ከፍ አድርገው የሚያሳዩት ተማሪዎቹ ናቸው። ለፉሲ ምን ቢደርሳት ጥሩ ነው? የአባቷ ሰሌን! መድረክ ላይ ይዛው ቆመች። ጨረታውን የሚመራው ቀልደኛ ተማሪ ምንም አያውቅ፣ «ይህን የገዛ፣ ሚስቱ ብታባርረውም የሚተኛበት አያጣም!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባሕሩ ዳር ሆቴል ያለው ፈረንጅ ማንም የማይደርስበት ዋጋ ጠራ። ይሄኔ ፉሲ ጮኸች።

«እኔም እጫረታለሁ! ለሚተውልኝ ሰው እስከ ገና ልብስ አጥባለሁ! የአባቴ መቀበሪያ ነው!»

ፈረንጁ ቋንቋችንን አይሰማ፤ ፈገግ ብሎ አጨበጨበ። ካሎላይኔ ከፊት ወንበር ብድግ አለች። «አፍሽን ዝጊ! በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» የእህትን መብት ማን ደፍሮ ይንካ? ሰሌኑ ተሸጠ። አልጋውም ተገዛ፤ ሕፃናቱ ይተኙበት፣ እነሱ ምን በደሉ...

ማናሴ ሳምንት አልቆየም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። አዎ፣ ልቡ ነው!

በለቅሶው ቀን ሬሳው ራስጌ በክብር የተቀመጠችው ማን ናት? ካሎላይኔ! የሟች እህት ናታ! ለቀስተኛ ያመጣው ምርጥ ምርጥ ሰሌን ሁሉ በልማዳችን ለእሷ ተሰጥቶ ፊቷ ተከመረ። ማናሴን የጠቀለልነው ግን እኔ ከቤቴ ወለል አንስቼ ባመጣሁት አሮጌ ሰሌን ነው። ከክምሩ አንዱን ብታነሳለት ምን ነበረበት?

ከቀብር መልስ የሟችን ልጅ ፀጉር ለሐዘን የምትቆርጠውም እሷው ናት። ፉሲ ፊቷ ተንበረከከች፤ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነው። ካሎላይኔ መቀሱን አነሳች።

«ልጄ...» አለች።

ፉሲ ቀና አላለችም። «ይቁረጡት፣ አክስቴ። ሲጨርሱ ግን እንዳይጥሉት፤ ለሚቀጥለው ጨረታ ይሆንዎታል።»

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። «ወንድሜን! ወንድሜን እኮ ነው!» እያለች ሰሌኑ ክምር ላይ ተደፋች። አይዞሽ ያላት ሰው የለም። ፉሲ መቀሱን አንስታ የገዛ ፀጉሯን በገዛ እጇ ቆረጠች፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

ሰዉ ዛሬም «ዕጣ ፈንታው ነው» ይለኛል። ሚስቱን የወሰደ ዕጣ ፈንታ ነው፤ እሺ። እግሩንም የወሰደ ዕጣ ፈንታ ነው፤ እሺ። ሰሌኑን የወሰደችው ግን እህቱ ናት!