የረጋ ደም አይረጭም

የአናቶሚ መምህሩ በማስተማሪያ ክፍሉ ወለል ላይ፣ በገዛ ደሙ ውስጥ በጎኑ ወድቆ ነበር። ቀኝ ብሽሽቱ በስለት ተተልትሏል፤ ሁለት እጆቹ ቁስሉን ሊደፍኑ እንደታገሉ እዚያው ቀርተዋል። ፊት ለፊቱ ያለው ነጭ ግድግዳ በደም ተረጭቷል። የመጀመሪያው ፍንጣቂ ወገብ ድረስ ይደርሳል፣ የሚቀጥለው ጉልበት፣ የመጨረሻው ወለሉ ላይ ያልቃል። በመሃሉ ግን ደም ያልነካው ጠባብ ቦታ አለ፤ አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ የጋረደው ይመስላል።

ምርመራውን የያዘውን ኢንስፔክተር ባልደረቦቹ «ምስጥ» ይሉታል፤ ኮሽ ሳይል ውስጥ ውስጡን በልቶ ቤት ይጥላል ለማለት ነው። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«የተቆረጠው ደም ቅዳው ነው» አለ ሐኪሙ። «በጭን በኩል የሚያልፈው ትልቁ። ልቡ በመታ ቁጥር ደሙን ወደ ውጭ ወርውሮታል። ግድግዳው ላይ የምታየው የመጨረሻ የልብ ምቶቹን ነው።»

«ደም መልሱ ቢሆን ኖሮስ?»

«ይፈስ ነበር እንጂ እንዲህ አይዘልም።»

ከሬሳው ሥር በተጠራቀመው ደም ላይ ትልልቅ የቦት ጫማ ዱካዎች ይታያሉ። ምስጥ አንዱን በእርሳስ ጫፍ ነካ አደረገው። ደሙ እንደ ጉበት ረግቶ፣ ጫማው ያረፈበት ቦታ ተሰነጣጥቋል።

አጠገቡ ባለው የብረት ጠረጴዛ ላይ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ የተማሩበት የወንድ አስከሬን ተጋድሟል። ደረቱና ግራ ክንዱ ተከፍተው ጡንቻው ይታያል። ፊቱ ግን በቅርብ የታጠበ ነው። አገጩም በነጭ ጨርቅ ቁራጭ ታስሯል። ምስጥ ጨርቁን ልብ ብሎ አይቶ ወጣ።

የቦቱ ባለቤት ኮሪደሩ ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። የሟቹ ሚስት ወንድም ነው፤ ሥጋ ቤት አለው። ሲያዝ የአንዱን ፖሊስ አፍንጫ ሰብሯል።

«የመጣሁት ልገድለው ነው» አለ ሳይጠየቅ። «እህቴን ጥርሷን አራግፎ ሰደደልኝ። እንደ በግ ላርደው ነበር። ስደርስ ሌላ ሰው ቀድሞኛል።»

«ታዲያ ለምን ሮጥክ?»

«ሽርጤ ደም፣ እግሬ ደም፣ ሰውየው ሬሳ። ቆሜ ምን ልበል? ማን ሊያምነኝ?»

ምስጥ ሽርጡን አገላብጦ አየው። እጅና ቢላዋ የተጠረገበት የቆየ ደም ነው፤ አንድም ፍንጣቂ የለበትም።

ሚስቲቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ከንፈሯ አብጦ፣ ግቢው በር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ወንድሜን ላስቆመው ተከትዬው መጣሁ። አልደረስኩበትም፤ ገብቶ ወዲያው ነው የወጣው» አለች።

«ባለቤትዎ መሞቱን ሲሰሙስ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? እፎይ አልኩ። ቀጥሎ በራሴ አፈርኩ።»

«እዚህ ጠላት ነበረው?»

«እዚህማ የተከበረ ነው። በትሩን ለቤቱ ነበር የሚያስቀምጠው። ረዳት መምህሯን እንኳ ታናሽ ወንድሟ ጠፍቶባት ስትንከራተት፣ ፍለጋ እንድትወጣ ፈቃድ የሚሰጣት እሱ ነበር።»

ረዳት መምህሯ ባዶ ክፍል ውስጥ ትጠብቀዋለች። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። ነጭ ጋውኗ ከሣጥን ገና መውጣቱ ነው፤ የእጥፋቱ መስመር አልጠፋም።

«ከምሳ ስመለስ ሥጋ ሻጩ እየሮጠ ሲወጣ አየሁት። ስገባ መምህሩ ወድቋል። አንገቱን ዳሰስኩት፤ ትርታ የለም። ከዚያ ጮኼ ሰው ጠራሁ።»

«ጫማዎ ላይ ያለው ደምስ?»

ዝቅ ብላ አየችው። በነጩ ጫማ ላይ፣ ከማሰሪያው በላይ፣ ጤፍ የሚያካክሉ ጠብታዎች ተዘርተዋል።

«ስገባ ሳላየው ደሙን ረገጥኩት። ተረጨብኝ።»

ምስጥ አመሰገናትና ሁለት ፖሊሶች ሕንፃውን እንዲፈትሹ ላከ። የመምህሩ ሬሳ ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ወደ አናቶሚ ክፍሉ አስጠራቸው። ሥጋ ሻጩ የጠቆመችበትን ረዳት መምህሯን እንዳየ በታሰረ እጁ ሊያንቃት ተወረወረ። ሁለት ሰዎች ጎትተው ከግድግዳው ጋር አላተሙት፤ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«እኔን ልታሳርደኝ ነው!» አለ እያለከለከ።

«ተቀመጥ። አንተ አልገደልክም፤ ስለዚህ አፍህን ይዘህ ስማ» አለው ምስጥ። ወደ ግድግዳው ዞረ። «ገዳዩ እዚህ ቆሞ ነበር። መምህሩ ልቡ እየመታ ስለነበር ደሙ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አጥቧል። ያ ሰው ግድግዳውን በሰውነቱ ልክ ጋርዷል። ሥጋ ሻጩ ቢሆን ኖሮ የዚህን እጥፍ ይጋርድ ነበር፤ ሽርጡም ፍንጣቂ ይኖረው ነበር።»

ምስጥ ወደ ቦቱ ዱካ ጠቆመ።

«ደም ከሰውነት ሲወጣ ብዙ ሳይቆይ ይረጋል። ሥጋ ሻጩ የረገጠው የረጋውን ነው፤ ስለዚህ የመጣው ሰውየው ከሞተ ቆይቶ ነው። መምህርት፣ እርስዎ ደግሞ የገባሁት እሱ ከወጣ በኋላ ነው ብለውኛል።»

«አዎ።»

«የረጋ ደም ጫማ ሥር ይለጠፋል እንጂ አይረጭም። ጫማዎ ላይ ያለው የዘለለው ደም ነው። ልቡ ሲመታ እዚህ ነበሩ ማለት ነው።»

አንዱ ፖሊስ ውሃው የሚንጠባጠብ ጋውን ይዞ ገባ። ሬሳ እንዳይበሰብስ ከሚነከርበት የፎርማሊን በርሜል ውስጥ ነው የተገኘው። ወገቡና ጉልበቱ በደም ጠቁሯል፤ ጫፉ ተቀዷል። ምስጥ የተቀደደውን ጫፍ ከአስከሬኑ አገጭ ጨርቅ ጋር አስጠጋው። ገጠመ።

«ለመማሪያ ሬሳ አገጭ አይታሰርለትም» አለ በዝግታ። «የሚታሰረው ዘመድ ላለው ሰው ነው። የጠፋው ወንድምሽ ይኼ ነው?»

ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች።

«መምህሩ ፊቱን ዓመቱን ሙሉ ሸፍኖት ነበር» አለች። «የራስ ቅል ትምህርት ሲደርስ ነው የሚገለጠው፣ እስከዚያ እንዳትነኩት ይለን ነበር። ዛሬ ለነገው ክፍል ላዘጋጅ ብዬ ገለጥኩት።»

ሚስቲቱ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«በየሆስፒታሉ፣ በየእስር ቤቱ ስፈልገው ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን እዚህ እየመጣሁ እቆርጠዋለሁ። ትከሻው ላይ ያለውን የዳነ ስብራት ‹አጥንት ሲጋጠም እንዲህ ያብጣል› ብዬ ለተማሪዎቹ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ሲሰበር አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩትም እኔ ነኝ። አላወቅኩትም፤ እጄ ላይ ሆኖ አላወቅኩትም።»

«መምህሩ ያውቅ ነበር?»

«ወንድሜ አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሻይ የጋበዘው እሱ ነው። ስጠይቀው አልካደም። ‹ባለቤት የሌለው ሬሳ ተብሎ የመጣ ቀን አውቄዋለሁ። ብነግርሽ ትወስጂው ነበር፣ ትምህርቱ ይቆም ነበር። ደግሞ በቁሙ ለማን ጠቀመ?› አለኝ። ምላጩ እጄ ላይ ነበር። የት እንደሚቆረጥ ያስተማረኝ ራሱ ነው።»

«ይህንን ሰውስ አንቺ ባፈሰስሽው ደም ልታስጠይቂው ነበር?»

ሥጋ ሻጩን ቀና ብላ አየችው። «ሮጦ ሲወጣ ሳየው፣ ፈርቼ በእሱ አላከክሁ። ይቅር አይበለኝ» አለች። ሥጋ ሻጩ ፊቱን አዞረ።

ካቴናው ሲገባላት እጇን ራሷ ዘረጋች። በሩ ጋ ደርሳ ግን ዞር አለች። «እንዲህ ተከፍቶ እንዳይቀበር» አለች ለማንም ሳይሆን። «እናቴ ታየዋለች።»

ሚስቲቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች። በአበጠው ከንፈሯ ቃሉን ማውጣት ከበዳት።

«ኢንስፔክተር፣ መስፋት ይፈቀዳል?»

«ሐኪሙ መርምሮት ፎቶው ካለቀ በኋላ።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ።» ወደ ገዳይዋ ዞረች። «ሂጂ። እኔ እሰፋዋለሁ።»

ፎቶግራፍ አንሺው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ አዋላጇ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ጎባጣውን የስፌት መርፌ ይዛ ከደረቱ ጀመረች። ሥጋ ሻጩ ወንድሟ ካቴናው ተፈቶለት፣ ቅንድቡ እየደማ፣ ሳይጠየቅ መብራቱን ያዘላት።