የዱላው ወዲያኛው ጫፍ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በገዛ እጄ የያዝኩትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት አልነበረም። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

እናታችን የምትኖረው ከጀርመን ዳርቻ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ይኬዳል፤ ሲመለስ ግን ቀልድ አያውቅም። እኔና ታላቅ ወንድሜ ትያርክ እሷን ጠይቀን እየተመለስን ነበር። ባሕሩ እንዳይገባ ዳርቻው ላይ የተሠራው ግድብ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ጉሙ ወረደ...

እኛ ዘንድ በጉም ሁለት ሰው አንድ ረጅም ዱላ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። አንድ ጊዜ ከተሳበ ቁም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከተሳበ፣ ና። እኛም እንዲሁ ያዝን፤ ትያርክ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

"ኢንከ፣ ካርታውን ከስልክሽ ላይ እያየሽ ተከተይኝ" አለኝ።

"ቻርጁ ሊያልቅ ነው።"

"ጎበዝ! ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስታነሺ ውለሽ ምን ሊተርፍሽ!"

ተናድጄ ዱላውን ለቀቅኩ። ባትሪ እንዳይጨርስብኝ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት። ሞኝነቴ!

ቀና ስል የዱላው ጫፍ መጥቶ እጄን ነካኝ። ያዝኩት።

ሁለት ጊዜ ተሳበ። ተከተልኩ።

"አኮረፍክ እንዴ?"

መልስ የለም። ትያርክ ሲያኮርፍ እንደዚያ ነው።

ግን... ዱላው እርጥብ ነበር።

ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ። ደንግጬ ካርታውን ከፈትኩ። ግድቡ በስተምሥራቅ ነው። እኔን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ግን ወደ ምዕራብ ትሄዳለች... ወደ ባሕሩ።

"ትያርክ፣ ተሳስተናል!"

ሁለት ጊዜ ተሳበ።

ፍላይት ሞዱን አጠፋሁት። መልእክት በላይ በላዩ ይገባ ጀመር። አሥራ አንድ። ሁሉም ከትያርክ።

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "ግድቡ ላይ ነኝ። የት ገባሽብኝ? በእግዚአብሔር መልሺልኝ!"

ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪ፣ ወደ መቶ አሥራ ሁለት ደወልኩ።

"ያለሽበት ቦታ ይታየኛል" አለች ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ። "ጀልባ ወጥቷል። ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ስልኩንም አትዝጊ። ብቻሽን ነሽ?"

"አላውቅም..." አልኳት በሹክሹክታ።

"እንዴት አታውቂም?"

"የያዝኩትን ዱላ... በዚያ በኩል የያዘው አለ።"

እሷም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ልቀቂው።"

ለቀቅኩት።

አልወደቀም። ጉሙ ውስጥ፣ እጄ ፊት ለፊት፣ እንደተያዘ ቀረ... ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ።

ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ጠፋ።

ውሃው ወገቤ ላይ ደርሷል። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እናቴን ተጣራሁ። እሞታለሁ ብዬ ነበር። ግን አንድ እርምጃ አልተራመድኩም። የጀልባው መብራት የመጣው ከኋላዬ ነው።

ግድቡ ላይ ትያርክ አቅፎኝ ተንሰቀሰቀ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ዱላችን አጠገቡ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ደረቅ ነው።

ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። ልደገፍበት ብዬ ዱላውን አነሳሁት።

የትያርክ ሁለት እጆች ትከሻዬ ላይ ነበሩ። የዱላው ወዲያኛው ጫፍ ወደ ባሕሩ ዞሮ ጉሙ ውስጥ ገብቷል።

ሁለት ጊዜ ተሳበ።