ሽቅብ የሚበቅል ጺም

ይህ ታሪክ በእኔ በዳልጮ ላይ በእውነት የደረሰ ነው። የሚጠራጠር ካለ ሶዶ ይምጣ፤ አንገቴን አስዳስሰዋለሁ።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ጸጉር ቤቴ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

በሩ ተከፈተ...

ሰብስቤ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜን ኤርካሎን ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና ገጭቶ ያመለጠው ሰብስቤ! "በዚያ ቀን ከሶዶ አልወጣሁም" ብሎ ምሎ ነጻ ወጣ። እኔም እውነቱን እስኪናገር ድረስ የሐዘን ጺሜን ላልላጭ ማልኩ። ጸጉር አስተካካይ ሆኜ እንደ ባሕታዊ ጎፍሬ ሲያየኝ ሰፈሩ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ሰብስቤ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሏል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ሁሉም ጋ ሄጃለሁ" አለ በሹክሹክታ። "የሚነካኝ ጠፋ... ጺሜ አንቆ ሊገድለኝ ነው።"

ፎጣውን ገለጥኩት።

ሙያውን ያስተማረኝ ኤርካሎ ነው። "መጀመሪያ በጣትህ ዳስስ። ጸጉሩ ወደተኛበት ላጭ። ሽቅብ ከላጨኸው ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይበቅላል" ይለኝ ነበር።

ዳሰስኩ።

ጉንጩ ላይ ቁልቁል ይተኛል። ደህና ነው። አንገቱ ላይ ግን...

ምላጩን ቁልቁል ሳስጠጋ ጸጉሩ ሽቅብ ዞረ። ሽቅብ ሳስጠጋ ቁልቁል ዞረ። ዓይኔ እያየ!

አምስት ቦታ አብጧል። አራት በአንድ ወገን። አንድ በሌላው።

ወረንጦ አነሳሁ። ከአንዱ እብጠት የጸጉሩን ጫፍ ይዤ ሳብኩ። መጣ... መጣ... ስንዝር አለፈ፤ አላለቀም።

"ሰብስቤ፣ ያን ቀን የት ነበርክ?"

"ሶዶ..."

ጸጉሩ ከወረንጦዬ አምልጦ ሽው ብሎ ተመልሶ ገባ። ሰብስቤ ትንፋሽ አጠረው።

"የት ነበርክ?"

"ተበላ መንገድ! እኔ ነኝ! አልሞተም ነበር... ጎንበስ ስል በአምስት ጣቱ አንገቴን ያዘኝ። 'ታ ኢሻው፣ ሃታ' አለኝ። ምን እንዳለኝ አልገባኝም። ትቼው ሄድኩ።"

በወላይትኛ "ወንድሜ፣ ውሃ" ነበር ያለው። ሶዶ ተወልዶ ያደገ ሰው ሃታ ውሃ መሆኑ አልገባኝም ይላል!

ደሜ ፈላ።

ከተናዘዘ በኋላ ጸጉሩ እሺ አለ። አንዱን ነቀልኩ። ሁለት። ሦስት። አራት። ሰብስቤ እንደ ልቡ መተንፈስ ጀመረ፤ እንባው ወረደ።

አንድ ቀረ።

ወረንጦውን አስቀመጥኩ።

"ዳልጮ... አንዷን... አንዷን ብቻ..."

ምላጩን አነሳሁ። ሳሙና ሳልቀባ፣ በደረቁ፣ ሽቅብ ላጨሁት። አውቄ ነው። የጸጉሯ ጫፍ ጠልቃ ስትገባ አየኋት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ሰብስቤ እጁን ሰዶ አንገቴን ያዘኝ። ጣቶቹ በረዶ ናቸው።

"ታ ኢሻው..." አለ።

"ምን እንዳልክ አልገባኝም" አልኩት።

ለቀቀኝ። እየተንገዳገደ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት መቀበሩን ሰማሁ። ለቅሶ አልደረስኩም።

ዓርብ ጠዋት፣ እውነቱ ወጥቷልና፣ የሐዘን ጺሜን ልላጭ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ወንድሜ እንዳስተማረኝ መጀመሪያ በጣቴ ዳሰስኩ።

ጉንጬ ላይ ቁልቁል ይተኛል። ደህና ነው።

አንገቴ ላይ ግን...

አራት በአንድ ወገን። አንድ በሌላው።

ምላጩን ቁልቁል አስጠጋሁ።

ጸጉሩ ቀስ ብሎ... ሽቅብ ዞረ።