አሥራ ሁለተኛው መንገድ

ሟቹ የተገኘው ውሃ አጠገብ ነበር። በረሃ ውስጥ ሰው ሞተ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ጥማትን ነው፤ እሱ ግን ግማሽ ጎኑን ጥርት ያለ ኩሬ ውስጥ ነክሮ ነበር የተኛው። ኩሬው ከሦስት ሰው ቁመት በላይ በሆነ ልሙጥ ድንጋይ ዙሪያውን ታጥሯል። መውረጃውም መውጫውም አንድ ገመድ ነው። ገመዱ ደግሞ ላይ፣ ከሟቹ ሻንጣና ስልክ አጠገብ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«የሞተ ሰው ገመዱን ጠቅልሎ ተመልሶ አይወርድም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ አፋፉ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች።

ባልደረቦቿ «እንዝርት» ይሏታል። መቀመጥ አይሆንላትም። ወንበር ቢሰጧት ካፖርቷን ታስቀምጥበትና እሷ ዙሪያውን ትሾራለች። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል፤ የቦታው ጸጥታ ጆሮዋን እየከበዳት አንዴ ጠጠር ትረግጣለች፣ አንዴ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«ሁለት ቀን ያህል በሕይወት ነበር» አላት ሐኪሙ ከታች ሆኖ። «ጥፍሮቹን ተመልከቺ። ግድግዳውን ሊወጣ ሲሞክር ወድቆ ነው የተመታው።»

«ይጮህ ነበር ማለት ነው።»

«ማን ሊሰማው? እዚህ እኮ ሰው አይመጣም።»

ሟቹ ኑሮው ይኸው ነበር፤ ሰው የማይመጣባቸውን ቦታዎች እየፈለገ መጻፍ። ተራራ ለተራራ፣ በረሃ ለበረሃ እየዞረ፣ የእግር መንገዶችን ከነመታጠፊያቸው የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሟል። ሁለተኛው መጽሐፍ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ የዚህ ኩሬ መንገድ ምዕራፍ አሥራ ሁለት ነው። እስኪታተም ድረስ ቦታውን የሚያውቁት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሚስቱ፣ ካርታውን የሚሥለው የሚስቱ ወንድም፣ አሳታሚው፣ እና ሁሉንም በልጅነታቸው ጂኦግራፊ ያስተማሯቸው ጡረተኛ መምህር።

ካርታ ሠሪው በማግስቱ ታሰረ። ሟቹን ጠዋት በመኪናው አድርሶ የተመለሰው እሱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሊወስደው ሄዶ አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው፤ ገመዱ የእሱ ነው። ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ደግሞ አሳታሚው ቢሮ ውስጥ ተጣልተው፣ ሕንፃው ሁሉ እየሰማ «ገደል ግባ!» ብሎታል። ሰውየው ገደል ገባ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ፋይሉ ዓርብ ከሰዓት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሂድ» አሏት አለቃዋ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ምን እንደምትጠብቅ እሷም አላወቀችውም። ብቻ እግሯ እምቢ አላት።

ሚስትየዋን ያገኘቻት ሟቹ ይሠራበት በነበረው ክፍል ነው። ግድግዳው በካርታ ተሸፍኗል፤ በሩ ሥር አራት ጥንድ የተራራ ጫማ ተደርድሯል። ሴትየዋ አንዱን አንስታ ሶሉ ላይ የደረቀውን ጭቃ በቢላ ትፍቃለች፤ ለማን እንደምታጸዳው ግን የምታውቅ አይመስልም።

«ወንድሜ ቀን በቀን ነው ‹ገደል ግባ› የሚለው» አለች። «እኔን ብሎኛል፣ ድመቷን ብሏታል። ባሌን ቀብሬ ሳልጨርስ ወንድሜን ልትወስዱብኝ ነው?»

«እህቴ፣ በምን ተጣሉ?»

«በምዕራፍ አሥራ ሁለት። ወንድሜ ‹ካርታውን አልሥልም፤ ቦታው ይበላሻል› አለ። ባሌ ደግሞ ‹ሰው ቢያየው ምን ይሆናል?› አለ። በቃ፣ እሱ ነው።»

አሳታሚው ዘንድ ስትደርስ ሰውየው ሻይ አዘዘላት፤ ቆማ ጠጣችው።

«የመጀመሪያው መጽሐፍ የጠቆመው ዋሻ ጋ ቅዳሜና እሑድ ሦስት መቶ ሰው ይሄዳል!» አላት በኩራት። «መምህር ሄደው አይተውት ለሳምንት አላናገሩኝም። ድንጋዩ ላይ ስማቸውን በቀለም የጻፉ አሉ አሉ። እንግዲህ ሰው ነው፣ ይጽፋል።»

መምህሩ ግቢያቸው ውስጥ ጽጌረዳ ሲገርዙ ነበር። ከዘራቸው አጥሩ ላይ ተደግፏል።

«ጉልበቴ ከከዳኝ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጄ። አሁን መንገድ የምሄደው በካርታ ላይ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ወዲያው ፈገግታቸው ጠፋ። «ጎበዝ ተማሪዬ ነበር።»

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

የግራ እጃቸውን ጀርባ አዩት። ከአንጓዎቹ በላይ ቆዳው ተነስቶ ቅርፊት ይዟል። «እሾህ ነዋ» አሉና መቀሳቸውን አነሡ።

ረቡዕ ጠዋት ሟቹ ሻንጣ ኪስ ውስጥ የተገኘውን ትንሽ መቅረጫ ለአሥረኛ ጊዜ ከፈተችው። ሟቹ መንገዱን እየሄደ ቁርጥራጭ ሐሳብ ይቀዳበት ነበር። የመጨረሻው ሃያ ሰከንድ ይህ ነው፦

«እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ። ድንጋዩ ልሙጥ ነው። ግራ እጅዎን ስንጥቁ ውስጥ ያስገቡና ጭብጥ ያድርጉት። ከዚያ እግርዎን ያሻግሩ።»

«ለመጽሐፉ ነው» አላት ሳጅኑ እያዛጋ። «አንባቢውን እያስረዳ ነው።»

እሷ ግን የሟቹን መጽሐፍና ያልታተመውን ረቂቅ ይዛ ኮሪደሩን ስትለካው ዋለች፤ እያነበበች ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አመሻሹ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ሳጅኑ ስትቆም አይቷት ስለማያውቅ ደነገጠ።

ዓርብ ጠዋት አራቱንም አሳታሚው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ካርታ ሠሪው እጁ በካቴና ታስሮ ከእህቱ አጠገብ ተቀመጠ። እህቱ ክርኑን ጨብጣ ይዛለች። ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን መዞር ጀመረች።

«ከሰዓት ይህን ሰው ለዐቃቤ ሕግ አስረክባለሁ፤ ወይም ሌላ ሰው። ሟቹ ገመዱን ይዞ ሲወርድ ላይ የቀረ ሰው ነበር። ያ ሰው ገመዱን ስቦ ጠቀለለና ሄደ። ማን ነው?» መቅረጫውን ከፈተችው። የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። «አንባቢውን ነው የሚያናግረው አሉኝ። እኔም አምኜ ነበር። ግን ሁለቱንም መጽሐፎች ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ‹ወደ ግራ እንታጠፋለን፣ ቁልቁል እንወርዳለን፣ ጥላው ሥር እናርፋለን።› ሁሌም ‹እኛ› ነው። አንድም ቦታ ‹እርስዎ› አላገኘሁም።»

«እንዴ፣ እውነት ነው!» አለ አሳታሚው። «‹አንባቢዬን ብቻውን አልልከውም፣ አብሬው ነው የምሄደው› ይለኝ ነበር።»

«እንግዲያው በዚያች ሰዓት የሚያናግረው አጠገቡ ያለ ሰውን ነው። አንቺን ምን ብሎ ነበር የሚጠራሽ?»

«አንቺ ነዋ» አለች ሚስቱ። «አንቱታ አይሆንለትም ነበር። አባቴን እንኳ ‹አንተ› ብሎ አስቆጥቶታል።»

«እኔንም ‹አንተ›» አለ ካርታ ሠሪው።

«እኔን ‹አንተ ሌባ›» አለ አሳታሚው፤ የሳቀለት የለም። ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወንበር ዞሩ።

ኢንስፔክተሯ ከመምህሩ ጀርባ ቆመች። «እሾህ ይጭራል እንጂ አይልጥም፣ መምህር። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ትናንት የራሴን ግራ እጅ አስገብቼ ጨበጥኩት።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ያው ቦታ፣ ከአንጓዎቹ በላይ፣ ተልጧል።

«በአንድ ቃልና በአንድ ቁስል ሰው ይከሰሳል?» አሉ መምህሩ በእርጋታ።

«ጠበቃዎ ይስቅብኛል። ስለዚህ ዳኞቹን ቦታው ድረስ መውሰድ አለብኝ። ጠበቆች ይመጣሉ፣ ጋዜጠኞች ይመጣሉ፣ ካርታው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አሁን ቢናገሩ ግን ፋይሉ ላይ ‹አንድ ገደል› ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። ቃሌ ነው።»

መምህሩ ለራሳቸው ቢሆን ኖሮ ይክዱ ነበር፤ ግን ዳኛና ጋዜጠኛ ኩሬው ዙሪያ ሲረጋግጥ ታያቸውና ትከሻቸው ወረደ።

«ራሱ ነው የጠራኝ» አሉ። «‹መምህር፣ ሳያዩት አላትመውም፤ በልጅነቴ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት› አለኝ። በወዲያኛው አቋራጭ፣ በዚህ ጉልበቴ ደረስኩ። ወርዶ ሲዋኝ ‹አትጻፈው› ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። ገመዱን ሳብኩና ‹ቃል ካልገባህ አልሰድልህም› አልኩ። እንደገና ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ተናደድኩና ሄድኩ። በማግስቱ ልመለስ ነበር… ተነሣሁ፣ ጫማዬን አሰርኩ። ምን ብዬ ዓይኑን እንደማይ ግን ጨነቀኝ። ፈታሁት።»

«ጫማህን ፈታህ?» አለች ሚስትየዋ። ዕድሜዋን ሙሉ «አንቱ» ስትላቸው የኖረች ሴት ናት። «እሱ ድንጋይ እየቧጠጠ፣ አንተ ጫማህን ፈታህ?»

 ሳጅኑ ካቴናውን ከካርታ ሠሪው እጅ ፈትቶ ወደ መምህሩ ሄደ። ወንድምና እህት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ኢንስፔክተሯ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

መምህሩ በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ሚስትየዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ረቂቁ አሁን የአንቺ ነው። እባክሽ፣ ምዕራፍ አሥራ ሁለት…»

ሴትየዋ ፊቷን ጠረገች። ወደ አሳታሚው እንጂ ወደ እሳቸው አላየችም።

«ይታተማል» አለች። «ከነመንገዱ፣ ከነመታጠፊያው።»

«ኢንስፔክተር፣ ቃል ገብተሽልኝ ነበር!»

«የገባሁት የፋይሉን ነው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሰው ይሙላበት» አለች ሚስትየዋ። «ልጆች ይንጫጩበት፣ ስማቸውን ይጻፉበት፣ ምንም ያድርጉ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ ጮኋል። እዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቢያልፍ ኖሮ ይሰማው ነበር።»