የተቀመጠበትን አይሰርዝም

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት እሳቸው ራሳቸው ባሠሩት በር ሥር ሞተው ተገኙ። ምድር ቤት ባለችው መስኮት አልባ ክፍል፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተጋድመዋል። የሁለቱም እጃቸው ጣቶች መገጣጠሚያቸው ላይ ተልጠዋል። በሩን ብዙ ደብድበዋል፤ የከፈተላቸው ግን አልነበረም። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጄነሬተር ሲነሳ እንኳን የበር ድብደባ የራስ ድምፅም አይሰማም።

ምርመራው የተሰጣትን ኢንስፔክተር ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ትንሽ ናት፤ የማትገባበት ቀዳዳ የለም፤ ከተናገረችም ትወጋለች። ስትደርስ ነገሩ ያለቀለት መስሎ ጠበቃት። ሳጅኑ የቤቱን የኮምፒውተር ጠጋኝ በካቴና አስሮ ደረጃው ላይ አስቀምጦታል። የሟቹ ልጅ ከጎኑ ተቀምጣ የታሰረውን እጁን ይዛለች። አባቷን ከጥቂት ሰዓት በፊት በሕይወት የተሰናበተች ልጅ አሁን ደግሞ እጮኛዋን ሊወስዱባት ነው፤ ፈርታለች፣ ፍርሃቷንም አልደበቀችም።

«ገዳዩ ይኸው» አለ ሳጅኑ። «በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በኮምፒውተር ነው። አንዲት የምትጫን አዝራር አለች፣ ፕሮግራሙ ካልተነሳ አትሠራም። ከውጭ ደግሞ በብረት ቁልፍ ይከፈታል። ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ጋደም ይላሉ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ። ቅዳሜ መብራት እንደሚጠፋ አገር ያውቃል። ዛሬም ጠፋ፣ ጄነሬተሩ በራሱ ተነሳ፣ ኮምፒውተሩም ተነሳ። ግን በሩን የሚከፍተው ፕሮግራም አልመጣም።»

«ምን መጣ?»

«መጫኛ። አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጭነው። በዚያ ላይ የጄነሬተሩ ጭስ ማውጫ ቱቦ ተነቅሎ በግድግዳው ስንጥቅ ጭሱ ሁሉ ወደዚህ ገባ። መጫኛ የሚያስነሳ ደግሞ እሱ ነው። ፍላሹን ከአንገቱ ስለማያወጣ ስሙ ራሱ ፍላሽ ነው። ሟቹ ልጄን አልሰጥህም ብለውታል።»

«ስሙ ፍላሽ ስለሆነ ካሰርነውማ፣ እኔንም በመርፌነቴ ክር አስገባብኝ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ኮምፒውተሩ አሁንም በርቷል። መርፌ መጀመሪያ ያየችው ስክሪኑን ሳይሆን ጎኑን ነው። ፍላሽ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ በሙጫ ተደፍነዋል፤ ሙጫው ላይ አቧራ ተኝቶበታል፣ ማንም አልነካውም። ከዚያ ስክሪኑን አነበበች። የሀርድ ዲስኩ ክፍሎች በተርታ ተደርድረዋል። ሁሉም ተሰርዘው ባዶ ሆነዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ ቀርታለች። ከሥሯ «ይህ ክፋይ በሥራ ላይ ስለሆነ ሊሰረዝ አይችልም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ቆሟል።

«ሽማግሌው ጨንቋቸው ያገኙትን ሲጫኑ ነው» አለ ሳጅኑ ከኋላዋ።

መርፌ ወደ ደረጃው ተመለሰች።

«ቀዳዳዎቹን ማን ደፈናቸው?»

«ጋሼ» አለ ፍላሽ። «አንዴ ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ቫይረስ ገብቶ የስንት መጽሐፍ ገጽ በላብን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነና የቤቱን ኮምፒውተር ሁሉ በገዛ እጃቸው ሙጫ አጠጡት። እኔ ፍላሼን ለጌጥ ነው የማንጠለጥለው።»

«ታዲያ መጫኛው በየት ገባ?»

«ከራሱ ከዲስኩ ነው የሚነሳው። ሙጫው ከመጣ ወዲህ እዚህ ቤት ሌላ መንገድ የለንም። ዲስኩን ልክ እንደ ቤት በግድግዳ ይከፋፍሉታል፤ ትንሿን ክፍል ለመጫኛው ይለቁለታል። ፋይሎቹን በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር ያመጣሉ። ከዚያ ማሽኑን ‹ስትነሳ መጀመሪያ እዚህ ግባ› ይሉታል። ይኸው ነው።»

«በቀጠሮ ማለት ነው። ዛሬ አዘጋጅቶ ነገ በሌለበት ሊነሳ ይችላል።»

«በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ፣ ማንም ባይኖር።»

«ቀይ ጽሑፍ አየሁ።»

ፍላሽ በካቴናው ውስጥም ሆኖ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «መጫኛው ሌላውን ሁሉ ያጠፋል፣ የተቀመጠበትን ግን አይሰርዝም። የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው።»

መርፌ ልጅቷን ለብቻዋ ወደ ላይኛው ክፍል ወሰደቻት። የመጽሐፍ ገጾች የምታቀናጅበት ጠረጴዛ ላይ ወፍራም የወንድ መነጽር ተቀምጧል።

«የአባዬ ነው» አለች ልጅቷ። «ሊተኛ ሲወርድ ለኔ ይሰጠኛል፣ አንዴ ተኝቶበት ሰብሮታል። ያለሱ የኔንም ፊት አይለይም።» መነጽሩን በሁለት እጇ ያዘችው።

መርፌ ወንበር ሳበችላት። «ይህን ዲስክ የመክፈል ሥራ ከፍላሽ ሌላ ማን ይችላል?»

«እኔንና አጎቴን አስተምሮናል። እኔ አልገባኝም፣ እውነቱን ልንገርዎት። አጎቴ ግን ግማሽ ላይ ‹ገባኝ፣ ገባኝ› ብሎ ተነሳና የመጋዘኑን ኮምፒውተር ራሱ ሠራው። ሲሠራለት ጊዜ ለሳምንት አወራበት።»

«ከአባትሽ ጋር ይስማማሉ?»

«ይስማሙ ነበር። አባዬ ከመጪው ወር ጀምሮ ቤቱን እኔ እንድመራ ወስኗል። ፍላሽንም ቢሆን ትናንት ‹እስቲ ይምጣ፣ እንነጋገር› ብሎኝ ነበር። አጎቴ የማተሚያ ማሽኑን በእጅ ከሚያዞሩበት ጊዜ ጀምሮ አብሮት ነው። ከፍቶታል።»

አጎትየው መጋዘኑ ውስጥ በወረቀት ክምር መካከል ተቀምጠዋል። እንባቸውን ጠርገው ተነሱ።

«ከተማው ማዶ ወረቀት ነጋዴ ዘንድ ነበርኩ። ይጠይቁት። ስመለስ ወንድሜ ከእንቅልፉ አልወጣም። ከፈትኩ። ከደፉ ላይ ሆኜ አይቼ ጮህኩ። አልገባሁም፣ ምንም አልነካሁም።»

«ቁልፉ የት ነበር?»

«ከኔ ጋር። ጠዋት ከዘበኛው መስቀያ ላይ አንስቼ ኪሴ ውስጥ ረሳሁት።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ይቆጨኛል።»

ዘበኛው የግቢው በር ላይ ነው። ጩኸት ሰምቶ ከልጅቷና ከፍላሽ ጋር መጣ፣ አስከሬኑን አዩ፣ ከዚያ ፖሊስ እስኪደርስ ወደ ክፍሉ ማንንም አላስገባም።

«አጎትየው ሲመለሱ መብራት መጥቶ ነበር?»

«ኧረ ጄነሬተሩ እየሠራ ነው የገቡት። ሰላም ብላቸው አልሰሙኝም። ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የጮሁት ግን መብራት ከመጣ በኋላ ነው።»

መርፌ ሁሉንም በዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥታ ከውጭ አቆመችውና በሩን ሳበችው። ግጥም ብሎ ሲዘጋ ሁሉም ዞሮ አየው። አየሩ ገና ጭስ ጭስ ይላል። ሳጅኑ ኮሌታውን አላላ። አጎትየው ዓይናቸውን ከበሩ ላይ መንቀል አቃታቸው።

«አይዟችሁ» አለች፣ «አየሩ ተለክቷል፣ ጄነሬተሩም ጠፍቷል። ስናንኳኳ ይከፈትልናል። ሟቹ ይህን ዕድል አላገኙም።»

ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመች።

«ሙጫው ስላልተነካ መጫኛው በፍላሽ አልመጣም፤ ከዲስኩ ተነሳ። ስለዚህ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፣ ገዳዩም መብራት ሲጠፋ እዚህ መገኘት አላስፈለገውም። ያን ጊዜ ከከተማው ማዶ መሆን የንጽሕና ማስረጃ መሆኑ ቀረ። ቱቦውን መንቀል ለማንም አይከብድም። ማዘጋጀቱን የሚችሉት ግን ሁለት ናቸው፤ ፍላሽና አጎት።»

«እኔ የተማርኩት ከሱ ነው» አሉ አጎትየው።

«ወደሱ ልመጣ ነው። ይህ መጫኛ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያሳየው ቋንቋ ምረጡ የሚለውን ገጽ ነው። እኛ ያገኘነው ግን ብዙ ገጽ አልፎ፣ ዲስኩ ተጠርጎ፣ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ቆሞ ነው። ማን ወደፊት ገፋው? ሟቹ እንዳንል መነጽራቸው ላይኛው ክፍል ነው፣ አንዲት ፊደል አያነቡም። ከሞታቸው በኋላ ግን እዚህ ብቻውን የቆመ አንድ ሰው ነው፤ በሩን የከፈተው። ከሱ በኋላ ዘበኛው ማንንም አላስገባም።»

መርፌ ጣቷን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፈች።

«ሰውየው ዱካውን ሊያጠፋ ሁሉንም ሰረዘ፤ የመጨረሻዋ ክፍል እምቢ አለችው። ፍላሽ ቢሆን ኖሮ ባልሞከራት፤ እንደማትሰረዝ ያውቃል። የሞከራት ትምህርቱን ግማሽ ላይ ጥሎ የተነሳ ሰው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው። የቀረችው ክፍል ውስጥ ደግሞ መጫኛው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተቀዳ ተመዝግቧል። እናንተን ከመሰብሰቤ በፊት አስከፍቼ አየሁት። ከመጋዘኑ ነው።»

አጎትየው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ሟቹ ጋደም ይሉበት የነበረው ወንበር መሆኑን ሲያውቁ ተነሱ።

«ይህን ቤት በእጄ ነው ያዞርኩት» አሉ። «በስተርጅናዬ ከልጅ ትእዛዝ ልቀበል?»

ሳጅኑ የፍላሽን ካቴና ፈታ። ፍላሽ የተፈታ እጁን ለልጅቷ ዘረጋላት፤ እሷ ግን አጎቷን እያየች ነበር።

«አጎቴ፣ ጄነሬተሩ እየሠራ ነው የመጣኸው» አለች። «ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ ነበር። አባዬ ሲደበድብ ሰምተኸዋል?»

አጎትየው አፋቸውን ከፈቱ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ መሬት አዩ። ልጅቷ መልሱን አገኘች፤ ፊቷን ፍላሽ ትከሻ ላይ ደፍታ አለቀሰች።

መርፌ በጣቷ አንዴ በሩን አንኳኳች። ዘበኛው ወዲያው ከፈተ።